በልጄ ፋንታ ያልኩት አሜን

«እንግዲህ ልጅቷ የኛ ናት» አሉኝ የባለቤቴ አክስት፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። ፈገግ ብለው ነው ያሉት። እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ደስ ብሎኝ ነበር።

ቦታው ጄኔቫ ነው፣ በሰዓት የሚከራይ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። የባለቤቴ አያት የሙት ዓመት መታሰቢያ ነበር። እኒህ አያት በአገራችን ነግሦ ከነበረው ቤት የተወለዱ ናቸው። ዙፋኑ የወደቀው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ጄኔቫ ላሉት ሽማግሌዎች ግን ትናንት የወደቀ ይመስላቸዋል። ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ወንዶቹ ክራባት አስረው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ ገሚሱ በዱላ፣ ገሚሱ በሚገፋ መደገፊያ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው።

እኔ እንዲህ ባለው ቀን የምቀመጠው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ ሳህን ለማንሣት ይመቻል። ማንም እዚያ ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም። ወዲህ ነይ ያለኝም የለም። ያን ቀን ግን የማኅበሩ ጸሐፊ መጥቶ «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለኝና ክንዴን ይዞ ከፊት ጠረጴዛ ወሰደኝ። እርስዎ! ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ስባል ኖሬ። ሌላ ሰው ሳህን አመጣልኝ። ሌላ ሰው አነሣልኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ጭኔ ሥር ከተትኩት።

በመጨረሻ ትልቁ አባባ ሊመርቁ ተነሡ። ሰማንያን አልፈዋል፤ የቤቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አሁንም አዳራሽ ይሞላል። ሁላችንም ቆመን መዳፋችንን ዘረጋን።

«የሞቱትን ነፍስ ይማርልን።»

«አሜን።»

«የቀረነውን በሰው አገር አያስቀረን።»

«አሜን።»

«የዚችን እናት ልፋት ቆጥሮ ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት።»

«አሜን።»

«ልጅቷን ከሰው አልጋ አንጣፊነት አውጥቶ በአባቶቿ ወንበር ያስቀምጥልን።»

«አሜን።»

«ፋሲካ ሲደርስ ሥራዋን ትታ በፊታችን ትቁምልን፤ የማኅበራችን የበላይ ጠባቂ ትሁንልን።»

«አሜን!»

የመጨረሻዋን ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ።

የኛን ሰው የሚያውቅ ያውቃል። ምርቃት ላይ አሜን ማለት እንደ መተንፈስ ነው፤ ቃሉ ሳያልቅ አፍ ይቀድማል። እናት አሜን ካለች ደግሞ ነገሩ አለቀ። ወረቀት አይፈረም፣ እጅ አይወጣ። ጸሐፊው እንኳ፣ ሠላሳ ዓመት የስዊስ ቢሮ ውስጥ ፎርም ሲያስሞላ የኖረ ሰው፣ አሜን ከተባለ ተፈረመ ብሎ ነው የሚያምነው። ለዚህ ነው አክስቲቱ እጄን የያዙት። ልጄ እዚያ አልነበረችም። ልጄ ዙሪክ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ለማታ እንግዳ አንሶላ ትቀይር ነበር።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል ነገር የለም። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ተውኩ። በሃያ ዓመቴ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ጠባቂ ሆኜ ጄኔቫ መጣሁ። እነሱ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ። አሁን ከጄኔቫ ወጣ ብላ ባለችው ቨርሷ ነው የምኖረው፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ፣ አራተኛ ፎቅ። የምሠራው በአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ነው። አማርኛ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ፊደሉን እንደ ምስር እየለቀምኩ ነው። ይህን ስጽፍም እንደዚያው።

ባለቤቴ ከዚያ ቤት የተወለደ ነው። ሲያገባኝ ወገኖቹ ሠርጉ ላይ በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያ ለአራት ዓመት አላናገሩትም። የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፣ ሻንጣ ጫኝ። ያገሬ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ሲያየው «ኧረ እርስዎ አይሸከሙም!» ብሎ ሻንጣውን ከእጁ ይነጥቀዋል። አለቃው ይህ ሰውዬ መንገደኛ ያሠራል ብሎ ሁለቴ ከሶታል። ቤት መጥቶ ይስቅ ነበር። «አንዱ ለምን ትሠራለህ ብሎ ይቆጣል፤ ሌላው ለምን ቁጭ ብለህ አትመራንም ብሎ ይቆጣል፤ ሻንጣው ግን ማመላለሻው ቀበቶ ላይ ይዞራል» ይለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው ከሞተ። እሱ ካለፈ፣ ልጄም ለሥራ ከሄደች ወዲህ ቤቴ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሬዲዮ ብቻ ነው።

ልጄ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ሙያ ትማራለች፤ ሦስት ዓመት ሠርቶ በመጨረሻ በሰኔ የሚፈተኑት ዓይነት ነው፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ካለፈች የሙያ ወረቀት ታገኛለች፤ ያ ወረቀት እዚህ አገር ሰው ያደርጋል። ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ሆቴሉ አቅራቢያ፣ ዋሊሰለን፣ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ትንሽ ሳለች በየድግሱ አሮጊቶቹ ይከቧትና «አትሩጪ፣ የንጉሥ ልጅ አትሮጥም፤ በመንገድ ላይ አትብዪ፣ የንጉሥ ልጅ በመንገድ ላይ አትበላም» ይሏት ነበር። አንድ ቀን ቤት ስንደርስ «ማሚ፣ ታዲያ የንጉሥ ልጅ ምንድን ነው የምታደርገው?» አለችኝ። አባቷ «ትታያለች» አለ። ሌላ አላለም።

ያን ቀን ከአዳራሹ ወደ ቨርሷ ስመለስ ባቡር ውስጥ ደወልኩላት። በቀጥታ ልነግራት ብዬ ነበር።

«መርቀውሻል» አልኳት።

«ምን ብለው?»

ነገርኳት። ከዚያ «አንቺስ? አንቺ አሜን አልሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም ሲል አልኩ። ሳልሰማ ነው። ድምፁ አይሰማም ነበር።»

«ማሚ፣ የሳቸው ድምፅ?»

«ማይኩ ተበላሽቶ ነበር» አልኳት። ማይክ አልነበረም።

በማግሥቱ ስልኬ ላይ የማኅበሩ ማስታወቂያ መጣ። ጸሐፊው ያዘጋጀው ነው፣ ባለ ወርቅ ቀለም ጠርዝ። ቃል በቃል አነበብኩት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «ልዕልት» ብሎ ይጀምራል። «በወላጅ እናታቸው ሙሉ ፈቃድ» የሚል አለበት። ከሥሩ ሰው ሁሉ ይጽፋል። ያንን ሁሉ ማንበብ አልችልም። የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌ በሐሳቤ አንድ በአንድ ዞርኩ፤ አማርኛ የሚያነበው ሁሉ ከዚያው አዳራሽ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ጣቴን የስልኩ መስታወት ላይ አድርጌ ብቻዬን ለቀምኩት። አንዱ «እንኳን ደስ ያለን» ይላል። አንዱ «የንጉሥ ዘር የፈረንጅ መጸዳጃ ስታጥብ እስካሁን የት ነበራችሁ?» ይላል። አንዷ ደግሞ «ተዋት፣ ሠርታ ትብላ፤ የዘመኑ ልዕልት ሥራ ካልሠራች ማን ያከብራታል?» ትላለች። ለሷ አርባ ሰው መልሶባታል፣ ሁሉም ስድብ። የልጄን ፊት በጣት የሚነካኩት መሰለኝና ስልኩን ገለበጥኩት።

ከዚያ ጀምሮ ፍርሃት ያዘኝ። ሰው የሚመታኝ ዓይነት ፍርሃት አይደለም። ልጄን በጭብጨባ የሚወስዱብኝ፣ እኔም ቆሜ አብሬ የማጨበጭብ ዓይነት። ሥራዋን ትታ ከዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ፈተናው ያልፋታል። ወረቀት የላትም። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ከዚያ ከወንበሩ ማነው የሚያስነሣት?

በምሠራበት ቤት አንዲት የጄኔቫ አሮጊት አሉ። አርባ ዓመት የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። እዚህ አገር ንጉሥ የሚባል ነገር የለም፤ እሳቸው ግን የየአገሩን ንጉሥ ልጅና የልጅ ልጅ ያውቃሉ፣ ከመጽሔት። ሾርባ ስወስድላቸው መጽሔቱን ያሳዩኛል። «ይችን ተመልከቺ። ቢሮ ገባች። ጎበዝ! እኔም ሠርቻለሁ፤ ለምን በነፃ ትበላለች?» ሳምንት ሳይሞላ ያችኑ ልጅ ያሳዩኛል። «አየሽ፣ ሕፃናት ሆስፒታሉን ለመጎብኘት ጊዜ የለኝም አለች! ቢሮ አለብኝ ትላለች! ታዲያ ልዕልትነቷ ለምንድን ነው?»

«ባለፈው ጎበዝ ብለዋት ነበር» አልኳቸው።

«ባለፈው ፀጉሯ ጥሩ ነበር» አሉኝ። ሾርባው ቀዝቅዟል ብለውም መለሱልኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ሾርባውን እያሞቅኩ ሳስበው፣ የኛዎቹም ልክ እንደሳቸው ናቸው። ልጅቷ ምን እንድትሠራ እንደሚፈልጉ አያውቁም። የሚፈልጉት ከዓይናቸው እንዳትርቅ ብቻ ነው።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አክስቲቱ ደወሉ። «ሽማግሌ ልከናል» አሉ።

«ወዴት?»

«ወደ አሠሪዋ ነዋ። በወግ እንለምናታለን። ልጅ እንዲሁ ከሰው እጅ ይነጠቃል?»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ለሥራ ቦታዬ አሞኛል ብዬ ባቡር ተሳፈርኩ። ከቨርሷ ኦፕፊኮን ሩቅ ነው፤ ባቡር ትቀይሪያለሽ፣ ደግሞ ትቀይሪያለሽ። መንገዱን ሙሉ ለልጄ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስልክ አይነሣም።

ስደርስ ቀድመውኛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንግዳ መቀበያው ፊት መሀል ወለሉ ላይ ቆመዋል፤ ጸሐፊው አንዱ ነው። ጋቢ በሱፍ ላይ ደርበዋል። ከቆሙ ሰዓት ሊሞላቸው ነው። በኛ ወግ ለልመና የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የመቀበያዋ ልጅ ወንበር ታመጣለች፤ እነሱ ከወንበሩ አንድ እርምጃ ይርቃሉ። ሻይና ብስኩት አመጣች፤ ብስኩቱ ቅቤ አለበት፣ ጾም ነው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገደኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ዙሪያቸውን ያልፋሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

የሆቴሉ አለቃ መጣች፣ አጭር፣ ቆፍጣና ሴት። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ልጄ በኋላ ከአለቃዋ ሰምታ እንደነገረችኝ፣ «ልጃችንን ከእርስዎ እጅ ልንቀበል ነው የመጣነው፤ እስኪፈቅዱልን አንቀመጥም» ነው ያላት። አለቃዋ ፊቷ ተለወጠ። እኔ በሩ አጠገብ ተለጥፌ ቆሜያለሁ። መግባትም መውጣትም አልቻልኩም።

በዚህ መሀል የሠራተኛው አሳንሰር ተከፈተና ልጄ ፎጣ የተቆለለበት ጋሪ እየገፋች ወጣች። ሦስቱም ወደሷ ዞሩ። በዕድሜ የገፉት ወደ መሬት ለጥ ብለው እጅ ነሡ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ኧረ ወገብዎን!» ብላ ጋሪውን ለቃ በብብታቸው ገብታ አነሣቻቸው። ፎጣው ተዘረገፈ።

«እርስዎ አያንሡኝ፣ ልዕልት» አሉ ሽማግሌው፣ እያቃሰቱ።

«ታዲያ ማን ያንሣዎት? ራስዎ መነሣት አይችሉም እኮ!»

ጸሐፊው ፎጣውን ሊለቅም ጎንበስ ሲል እሷም ጎንበስ አለች፤ አንድ ፎጣ ሁለት ጫፍ ያዙ። «እባክዎ ይተዉት» ይላል። «ሥራዬ ነው፣ ይልቀቁት» ትላለች። አለቃዋ ጠራቻት። ለጋብቻ ሊወስዱሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አይደለም» አለች ልጄ። «ልዕልት እንድሆንላቸው ነው።»

የመቀበያዋ ልጅ ሳቀች። አለቃዋ አልሳቀችም። ሴት ልጆችን በግድ የሚወስዱ ቤተሰቦች ታሪክ ሰምታለች፤ በሷ ቦታ ብሆን እኔም እደነግጣለሁ። ሽማግሌዎቹ እንዲወጡ አደረገች። ልጄን ደግሞ ወደ ቢሮዋ ወስዳ፣ ነገሩ በወረቀት እስኪጣራ፣ ማንም እንደማይመጣ እስኪረጋገጥ፣ ሥራ እንዳትገባ ነገረቻት። ለራስሽ ደኅንነት ነው አለቻት። እንዲህ ያለው ቀን ከበዛ ደግሞ በሰኔ ለፈተናው አትቀመጥም።

ባቡር ጣቢያው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። የሥራ ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባለች። አላለቀሰችም። አባቷም ሲናደድ እንደዚያው ድምፁ ይቀንስ ነበር።

«ማሚ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሰምተሽ ነበር?»

«አልሰማሁም አልኩሽ።»

«ማርያምን በይ።»

«በማርያም እንዲህ አይማልም» አልኳት።

አየችኝ። «እሺ» አለች። የዋሊሰለን ባቡር መጣና ገባች። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

አሥራ አንድ ቀን ስልኬን አላነሣችም።

እነዚያን ቀናት እንዴት ብዬ ልጻፋቸው። ሥራ እሄዳለሁ፣ ድንች እልጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ደረጃው ላይ ጎረቤቶቼን ቦንዡር እላለሁ። በቀን የማወጣው ቃል እሱ ብቻ የሆነበት ቀን አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሴቶቹ ይከቡኛል፣ «የልዕልት እናት» ይሉኛል፣ ፋሲካ ላይ ምን ዓይነት ጥልፍ እንደምትለብስ ይጠይቁኛል። የሆቴሉን ቪዲዮ አይተዋል። «ጋሼ መሬት ሲወድቁ አለቀስን» ይላሉ። አንዷ እንኳ ልጅቷ እንዴት ናት አላለችኝም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆሜ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ቤት ገብቼ አንድ ሳህን አጠብኩ። አንድ ሹካ። ልጄ ሥራዋን ብታጣ፣ ከኔም ብትቀር፣ ይህ ሳህን እስከ ዕለተ ሞቴ አንድ ነው የሚሆነው ብዬ አሰብኩ። ያ ነው ያስነሣኝ።

በማግሥቱ ትልቁ አባባ ቤት ሄድኩ። ከጄኔቫ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። ቀጥሬ አልነበረም። ክራባት አስረው ነው በሩን የከፈቱት። ማንን ይጠብቁ እንደነበር አላውቅም፤ ማንም የሚመጣ አይመስለኝም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሙቀት የበዛበት።

«ተቀመጪ ልጄ።»

«አልቀመጥም» አልኩ። «ጉዳዬ ይቅደም።»

እሳቸውም ወንበራቸውን ይዘው ቆሙ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ስለኔ ሲቆሙ አፈርኩ፤ ግን አልተቀመጥኩም።

«አሜን ብዬ ነበር» አልኩ። «አሁን መልሱልኝ።»

«ሳትሰሚ ነው ያልሽው?»

ለልጄ ያልኩትን ልደግመው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ሰምቼ ነው» አልኩ። «እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ከፊት ስላስቀመጡኝ ደስ ብሎኝ ነው። እርስዎ ስላላችሁኝ። ሌላ ሰው ሳህኔን ስላነሣልኝ። ልጄን በዚያ ሰጠኋት።» ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሹመት ሰጡኝ። ምን ልሥራ ብዬ ጠየቅኩ። ‹ይቀመጡ፣ ይበቃል› አሉኝ። ተቀመጥኩ። እዚህ ስመጣ የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ ምን ትችላለህ አለችኝ። ምን እላለሁ? ሙዚየም ጥበቃ አስገባችኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሥዕል ጠበቅኩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።» ሳቁ። «የለመድኩት ሥራ ነበር።»

«ታዲያ ለልጄ ለምን እንዲህ መረቁ?»

«ሌላ ምርቃት አላውቅም ልጄ። እኔንም የመረቁኝ እንዲሁ ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው ለአክስቲቱ ደወሉ፤ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈቱት።

«ያን ቀን የመረቅኩትን አንሥቻለሁ» አሏቸው።

«ምኑን? ምርቃት ይነሣል እንዴ? የሚነሣ እርግማን ነው!»

«ዛሬ ተነሣ። እናቲቱ እዚህ ናት፤ ትነግርሻለች።»

ስልኩን ወደ እኔ አደረጉት። «እቴቴ» አልኩ፣ «ልጄ አትመጣም። ሥራ አላት። ፈተና አለባት። በሷ ፋንታ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ሆቴሉም ሰው አይሂድባት።»

«ድሮም ሳህን ስታነሣ የኖረች ሰው ወንበር ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች!» አሉና ዘጉት።

አባባ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። «አሁን ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸውም ተቀምጠው በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ለሆቴሉ አለቃ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉ። የቤቱ ታላቅ መሆናቸውን፣ ሽማግሌዎቹን የላከው የሳቸው ቃል እንደነበር፣ ማንም ዳግመኛ እንደማይመጣ፣ ልጅቷ የሚያዛት እንደሌለ። አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። ሆቴል የሄዱት ሦስቱ ሽማግሌዎችም እንዲፈርሙበት አደረጉ፤ ጸሐፊው አኩርፎ ነው የፈረመው፣ ግን ፈረመ።

«ከነገ ጀምሮ ስልክሽ አይጮህም» አሉኝ በሩ ላይ። «ከባድ ነው። ቻዪው።»

እውነታቸውን ነበር። የሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ከኔ ግራም ቀኝም ባዶ ነበር። ነጠላዬን ሳስተካክል አንዷ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። የወርቅ ጠርዙ ማስታወቂያ ከስልኬ ጠፋ፣ እኔንም ከማኅበሩ መልእክት አስወጡኝ። ቅዳሴው አልቆ ስወጣ ማንንም አልተሰናበትኩም፤ ቀጥታ ጣቢያ ሄጄ የዙሪክ ባቡር ያዝኩ።

ደብዳቤውን ለአለቃዋ የሰጠኋት ሰኞ ጠዋት ነው፣ ዙሪክ ያለች አንዲት የማውቃት ሴት ሶፋ ላይ አድሬ። ሁለቴ አነበበችው። የፈረሙትን አራቱን ስሞች በጣቷ ቆጠረች። ፈረንሳይኛ ትንሽ ታውቃለች፤ «እርስዎ እናቷ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኩ። «ነገ ጠዋት ትግባ» አለች። ከዚያ፣ «አልጋ ስታነጥፍ እጇ ፈጣን ነው» አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኩ።

ዋሊሰለን ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ከባቡሩ ወርጄ ሱቆቹ አጠገብ ስዞር ብዙ ቆየሁ። ከሽማግሌ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ ከልጄ በር ፊት ግን እግሬ አልታዘዝ አለ። ካልከፈተችልኝስ? ወዴት እመለሳለሁ? ቨርሷ ያለኝ ቤት እንጂ ሰው አይደለም።

ደወሉን ነካሁ። የእግር ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች፤ መጽሐፍ ይዛለች፣ ጣቷ ገጹ መሀል ገብቶ።

ሰላምታ ሳልሰጥ ተናገርኩ። «ሰምቼ ነበር። ማይክ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው አሜን ያልኩት። አለቃሽ ነገ ግቢ ብላለች። ሽማግሌዎቹ አይመጡም፣ ፈርመዋል። እኔን ደግሞ ትተውኛል። አንቺም ከፈለግሽ...»

«ማሚ፣ ቀስ በዪ። ተንፍሺ።»

«ሰምቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን ባቡር ጣቢያው ላይ ነው ያወቅኩት። ስትዋሺ ኮሌታሽን ትነካኪያለሽ።» እጄ ኮሌታዬ ላይ ነበር፤ አወረድኩት። «አሁንም ተናድጃለሁ» አለችኝ። «ገና ብዙ ጊዜ እናደዳለሁ። ግቢ ግን፤ ኮሪደሩ ይበርዳል።»

ገባሁ። ከኋላዬ በሩን ቆለፈችው፤ ሁለት ጊዜ፣ እዚያ ሰፈር ሁሉም እንደሚቆልፈው። ጓደኛዋ ሥራ ላይ ናት። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የፈተና ወረቀቶች ተዘርግተዋል፤ የእንግዳ ክፍል ሥዕል፣ የአልጋ አነጣጠፍ ቅደም ተከተል፣ በጀርመንኛ። ጥግ አስለቅቃ ወንበር ሰጠችኝ። ተቀመጥኩ። እሷ ጮክ ብላ ታጠናለች፣ እኔ አንዱንም ቃል አላውቀውም፣ ግን አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ቀና ብላ ታየኛለች። አልሳቀችልኝም፤ ሂጂም አላለችኝም።

ከእንግዲህ በፋሲካ የሚደውልልኝ የለም። አዳራሹም፣ የበሩ አጠገብ ወንበሬም ቀርቷል። ልጄ ግን ነገ ሥራ ትገባለች፣ በሰኔ ትፈተናለች፤ ማንም አይወስዳትም። ይህን የምጽፈው በሷ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው፣ በሷ እስክሪብቶ። ደርሻለሁ። ደኅና ነኝ።